በዲ ኤን ኤ ያወጣሁት የመካነ ብርሃን መንገድ

ከሚሌኒየሙ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ደባርቅ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምር ነበር። ክረምት ክረምት ደግሞ ጎንደር እየወረድኩ ዲግሪዬን እማራለሁ። እዚያ አንድ መምህር ከዕለቱ ትምህርት ወጣ ብለው በዲ ኤን ኤ ሒሳብ መሥራት እንደሚቻል ነገሩን። በአንዲት ጠብታ ውስጥ ያሉት ስፍር ቁጥር የሌላቸው ሞለኪውሎች እርስ በርስ እየተጣበቁ፣ ሊኖር የሚችለውን መንገድ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይሞክሩታል አሉ። የገባኝ ሲሦው ቢሆን ነው። ደባርቅ የተመለስኩት ግን ሁሉ እንደገባው ሰው ሆኜ ነው።

ርዕሰ መምህሩ ለወላጆች በዓል አንድ ነገር የሚያሳይ ሰው ሲፈልጉ፣ ጥያቄያቸውን ሳይጨርሱ እጄን አወጣሁ። ከአካባቢያችን ቦታዎች ኮሶዬን፣ ዳባትን፣ ደባርቅን፣ መካነ ብርሃንንና ሊማሊሞን መረጥኩ። ከኮሶዬ ተነስቶ በየቦታው አንድ ጊዜ ብቻ እያለፈ ሊማሊሞ የሚደርስ የመኪና መንገድ አለ ወይ? ጥያቄዬ ይኸ ነበር። ለየቦታው ኤ፣ ቲ፣ ጂ፣ ሲ ከሚባሉት የዲ ኤን ኤ ፊደላት የራሱን ቅደም ተከተል ሰጥቼ በካርቶን ቁራጭ ላይ ጻፍኩ። ሁለት ቦታዎችን የሚያገናኝ መንገድ ካለ ደግሞ፣ ፊደላቱ ከሁለቱም ጋር የሚገጥሙ ሌላ ቁራጭ አዘጋጀሁ። ተማሪዎቼ የተደባለቁትን ቁራጮች ከባልዲ እያወጡ የገጠመላቸውን በኮላ ያጣብቃሉ፤ አምስቱንም ቦታ የያዘ ሰንሰለት ሲወጣ መልሱ ተገኘ ማለት ነው።

በበዓሉ ዋዜማ ሞከርነው። ሰንሰለቱ ደባርቅ ሲደርስ ወይ መካነ ብርሃንን ጥሎ ሊማሊሞ ይወርዳል፣ ወይ መካነ ብርሃን ገብቶ እዚያው ይቀራል። ሦስት ጊዜ ደገምነው፤ ያው ነው። ኮላውን በደንብ ስለማትቀቡ ነው ብዬ ልጆቹን ተቆጣኋቸው። እነሱ ሲሄዱ፣ ለመናገር ዛሬም አፍራለሁ፣ መካነ ብርሃንን ከሊማሊሞ ጋር የሚያገናኝ ቁራጭ ከራሴ ቆርጬ አምስቱን አጣበቅኩና ባልዲው ሥር ደበቅኩት።

በበዓሉ ቀን ከላቦራቶሪ የተዋስኩትን፣ እጅጌው መዳፌን አልፎ የሚወርድ ነጭ ጋዋን ለብሼ ብዙ ተናገርኩ። አንዲት ተማሪ ያን ሰንሰለት አወጣች። ተጨበጨበ። መንገዱን ከፍ ባለ ድምፅ አነበብኩት። ያን ጊዜ ከፊት ረድፍ አንድ አዛውንት ወላጅ ተነሱ። ዕድሜ ልካቸውን በበቅሎ እህል ሲያመላልሱ የኖሩ ሰው ናቸው።

«መምህር፣ እኔ እስከማውቀው ከመካነ ብርሃን ሊማሊሞ ለመውረድ ተመልሶ ደባርቅ መግባት ግድ ነው። ይኸ አዲሱ መንገድ በየት በኩል ነው የወጣ?»

እዚያው ላይ እውነቱን ብናገር ይሻለኝ ነበር። «ሳይንሱ ያገኘው ነው፣ አባቴ» አልኩ።

አዛውንቱ አልሳቁብኝም፤ ቢስቁብኝ ይቀለኝ ነበር። ሳይንሱ ካገኘውማ ደግ ነው፣ ስንት ድካም ይቀንስልናል ብለው መርቀውኝ ተቀመጡ። ርዕሰ መምህሩ ብቻ በመሐረብ አፋቸውን ሸፍነው ረጅም ሳል ሳሉ።

ስንወጣ የሒሳብ አስተማሪዋ ጠጋ ብላ ዋዜማውን ስንት ጊዜ እንደሞከርነው ጠየቀችኝ። ሦስት ጊዜ፣ ግን አልሠራም አልኳት።

«ሠርቷልኮ» አለች። «መንገዱ የለም ነው ያለህ። መልሱ እሱ ነበር።»

ባልዲው በትክክል አስልቶ ነበር፤ የተሳሳትኩትም ያጭበረበርኩትም እኔው አስተማሪው ነበርኩ።

ሰኞ ለክፍሌ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ከፊት የምትቀመጥ አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ፣ ታዲያ ስለ ኮላው ለምን ተቆጡን አለችኝ። ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

በገበያ ቀን ደግሞ አዛውንቱን ፈልጌ እህል ተራ አገኘኋቸውና መንገዱ እንደሌለ፣ የፈጠርኩትም እኔ እንደሆንኩ ነገርኳቸው።

«እኔስ ይቅር ብያለሁ» አሉ። «ግን ለስንቱ ነግሬአለሁ መሰለዎ። አሁን አንቱው ራስዎ ይንገሯቸው።»

እጄን ይዘው ከአንዱ እህል ሻጭ ወደ ሌላው አዞሩኝ። ለእያንዳንዱ መንገዱ የለም እያልኩ እስከ ከሰዓት ዋልኩ። አብዛኛው ሰው አዝኖ አሰናበተኝ። አንዱ ግን ጤፉን መስፈሩን ተወት አድርጎ፣ መንገዱን ማን እንደዘጋው ጠየቀኝ።