ያንቋረረው ኮምፒውተር

መምህር አወቀ በተማሪነቱ የሠራበትን ዓይነት አሮጌ ኮምፒውተር ከፌስቡክ ላይ ገዛ። ኮምፒውተሩ እሱ ወደሚያስተምርበት የመንዝ ከተማ መሐል ሜዳ በደረሰ በወሩ ግን ፍሎፒ ሲያስገባበት እያንቋረረ አላነብም አለ። ፍሎፒ ቀያየረ፣ ገመድ ነቅሎ ሰካ፤ ወይ ፍንክች! ደሙ ፈላ። አዲስ አበባ ላለው ሻጭ በየቀኑ እየደወለ፣ «አንተ አጭበርባሪ! ቆርቆሮ ነው የሸጥክልኝ!» እያለ የስድብ ናዳ ያወርድበት ጀመር።

በመጨረሻ በንዴት ብሎኑን ፈታው። የፍሎፒው ማንበቢያ ውስጥ ጥቁር የበግ ጠጉር ተተብትቧል። «ይኸው! የበግ ጉረኖ ውስጥ ነው ያስቀመጠው!» ብሎ ሲጮኽ፣ ሚስቱ ጌታነሽ ከበግ ጠጉር የተሠራውን ጥቁር ብርድ ልብስ፣ ባናውን፣ አንሥታ አሳየችው። ውርጭ እንዳይመታው ብሎ ማታ ማታ ኮምፒውተሩን በዚሁ ባና የሚሸፍነው እሱ ራሱ ነው።

ወዲያው ስልኩ ጮኸ። ሻጩ ነበር። «ወንድሜ፣ ይቅርታ አድርግልኝ። ሌላ ማንበቢያ በአውቶቡስ ልኬልሃለሁ።»

አወቀ ባናውን ነጥቆ ወረወረው። አሁን ማንን ይስደብ?