የቢሆነኝ ቤት ምልክት

በማንኩሳና በቡሬ መካከል ባለው አገር አያ ቢሆነኝን የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ባያውቀውም ምንም አይቀርበትም ነበር። እርሻው ከሌላው አይበልጥ፣ ጎተራው ከሌላው አይሞላ። የሚኮራው በአጥንቱ ነበር። ልጅ ሊድር ወይም ሊያጭ የሚፈልግ ሁሉ መጀመሪያ እሱ ደጅ ይመጣል፤ ሥጋ ዘመድ ከሥጋ ዘመድ እንዳይጋባ ሰባት ቤት ይቆጥርለታል። እስከዚህ ድረስ ደግ ሥራ ነው። እሱ ግን እዚያ ላይ አያቆምም። የማን አያት ቀጥቃጭ እንደነበረ፣ የማን ቅድመ አያት ተገዝታ እንደመጣች፣ የማን አጎት ገላው በቁምጥና እንደቆሰለ ሳይጠየቅ ይዘረግፈዋል። ስንቱን እጮኛ እንዲህ ለያይቶ፣ ራቱን በልቶ፣ ጥጋቡን ይዞ ይተኛ ነበር።

የራሱ ዘር ግን ንጹሕ ነው፤ ለዚያውም ምልክት ያለው። ከቀኝ ጆሮው ፊት፣ ጉንጩ ከጆሮው በሚገናኝበት ላይ፣ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ ነበረችው። አባቱም ነበረችው፤ አያቱም እንደዚሁ። ጥምጥሙን ገፋ አድርጎ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ያሳያት ነበር። ይህቺ የሌለችው የእኛ አይደለም፣ ያለችውም የሌላ ሊሆን አይችልም ይላል። ዘሩ የሚባለው አንድ ልጁ ግን ያቺ ቀዳዳ አልነበረችውም። ጠጉሩን አሳድጎ ጆሮውን እንዲሸፍን ያዘዘው አባቱ ራሱ ነው። ቦቃ ኮርማ አንዱን ጥጃ ቦቃ፣ ሌላውን እንደ እናቱ ልሙጥ አድርጎ እንደሚያስወልድ አያ ቢሆነኝ አሳምሮ ያውቃል፤ ከብት ሲገዛ ተሳስቶ አያውቅም። በሰው ላይ ሲሆን ግን ይህ እውቀቱ ከበረት አይወጣም ነበር።

ጣሊያን ገብቶ የአገሩ ወንድ ጠመንጃውን ይዞ ጫካ ሲወርድ አያ ቢሆነኝ ቤቱ ቀረ። ለምን ቀረህ ሲሉት፣ እንዲህ ያለ አጥንት ለጅብ የሚጣል አይደለም፣ ዘር የሚጠብቅ ሰውም ያስፈልጋል አለ። ፈራሁ ለማለት ይህን ያህል መዞር አያስፈልግም ነበር።

ከእሱ ቤት ማዶ አቻምየለሽ የምትባል ጠላ ሻጭ ከልጇ ከሸጋዬ ጋር ትኖር ነበር። ባል የላትም። አያ ቢሆነኝ በጎልማሳነቱ ከሚስቱ ተደብቆ በጓሮ በኩል ይመጣባት ነበር፤ ሆዷ ሲገፋ እግሩን ሰበሰበ። እሷም ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ልጅቱ ስትወለድ እናቷ ከጆሮዋ ፊት ያችኑ ቀዳዳ አየች። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ጆሮዋን ያማታል እያለች ሻሿን ዝቅ አድርጋ ታስርላት ነበር። የሸሸገችው ፈርታ አይደለም። እንዲህ ያለ ሰው አንድ ቀን ልጄ ናት ብሎ እንዲመጻደቅባት አልፈለገችም።

ሸጋዬ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ የገብረሰንበት ልጅ ተስፋው ወደዳት፤ እሷም ወደደችው። ገብረሰንበት ታላቅ ልጁን ለጫካ የሰጠ፣ የተከበረ ገበሬ ነው። እንደ ደንቡ አያ ቢሆነኝ ዘንድ ሄዶ የልጅቱ አባት ማን እንደሆነ ጠየቀ። አያ ቢሆነኝ አሰበ። እውነቱን ቢናገር ልጅቱ ነገ ከልጁ ከዘሩ ጋር እኩል ርስት ልትጠይቅ ነው። ስለዚህ ራሱን ነቀነቀ፤ ባትጠይቀኝ ይሻል ነበር አለ፤ አባቷ ከቡሬ መጥቶ አንድ ክረምት የከረመ ቀጥቃጭ ነው አለ። ቡዳነት ደግሞ በደም እንደሚሄድ አብራርቶ አስረዳው። የገዛ ልጁን።

ገብረሰንበት አዝኖ ተመለሰና ነገሩ ይቅር ብሎ ላከ። ወሬው ቀድሞት ነበርና ልጃገረዶቹ ምንጭ ላይ እንስራቸውን ከሸጋዬ እንስራ ማራቅ ጀመሩ። ልጅቱ እህል አልወርድላት አለ። አቻምየለሽ ሻሹን ፈትታ ለአገሩ ሁሉ ልታሳይ ተነሳች፤ ሸጋዬ ግን እጇን ያዘቻት። ተስፋው ራሱ መጥቶ ካልጠየቀኝ ለማንም ጆሮዬን አላሳይም አለች።

በዚያው ሰሞን ቡሬ ካለው ምሽግ የሰው ራስና አፍንጫ የሚለካ አንድ ጣሊያን መጣ። አገሬው ዋርካው ሥር እንዲሰበሰብ፣ ወንዱ ጥምጥሙን፣ ሴቱ ሻሹን እንዲፈታ ታዘዘ። ሌላው በወታደር እየተነዳ፣ እየተራገመ መጣ። አያ ቢሆነኝ ግን የክት ልብሱን ለብሶ ቀድሞ ደረሰ። ሰውየው ዘር አጣሪ ነው ብለው ነግረውታልና ሙያውን የሚያውቅለት ሰው ያገኘ መሰለው። በአስተርጓሚው በኩል የአባቶቹን ስም መዘርዘር ሲጀምር ፈረንጁ አገጩን ይዞ ፊቱን አዞረና ከንፈሩን በጣቱ ገልጦ ጥርሱን አየ፤ አያ ቢሆነኝ ራሱ በቅሎ ሲገዛ እንደሚያደርገው።

"ለእሱ ሁላችሁም አንድ ናችሁ፤ ዝም ብለህ ቁም" አለው አስተርጓሚው።

ሰውን በብረት መቆንጠጫ ለክቶ ማንነቱን አወቅሁ የሚል ሰው ከአያ ቢሆነኝ የሚሻለው በጫማው ብቻ ነው። ቢሆንም ዓይኑ ደህና ነበር። የአያ ቢሆነኝን ቀዳዳ ሲያይ ደስ አለውና እንደዚች ያለችው ሌላ ሰው ይኖር እንደሆነ ሰልፉን ጆሮ ለጆሮ ማየት ያዘ። የዘሩን ጠጉር ገልጦ አየ፤ ቀዳዳ ቢያጣበት አለፈው። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ሸጋዬ ዘንድ ሲደርስ ቆመ፤ ክንዷን ይዞ አመጣና ከአያ ቢሆነኝ ጎን አቆማት።

"አባትና ልጅ ናቸው ወይ ይላል" አለ አስተርጓሚው።

ገብረሰንበት ከሰልፉ ወጣ። "አያ ቢሆነኝ፣ ያለችው የሌላ ሊሆን አይችልም ሲሉን አልነበረም? እስኪ ይቁጠሩልን።"

አያ ቢሆነኝ የሚገባበት ጠፋው። ምልክቷ እውነት ከሆነች ሸጋዬ ልጁ ናት፣ ዘሩ ደግሞ ልጁ አይደለም። ሐሰት ከሆነች ዕድሜ ልኩን የኮራባት ነገር ባዶ ቀዳዳ ናት። ለሁለቱም ጥጃ አባታቸው አንድ ኮርማ ነው ብሎ ቢናገር ነገሩ ባለቀ ነበር፤ ለዚያ ግን ሰው መሆን ያስፈልጋል። ፀሐዩ በረታብኝ አለ። ሽማግሌዎቹ ወደ አቻምየለሽ ዞሩ።

"የቀጥቃጩ ብትሆንልኝ ደስ ባለኝ ነበር" አለች። "ቀጥቃጭ ማረሻ ይሠራል።"

ሰዉ ሳቀ። ገብረሰንበት ግን አልሳቀም። በደም ይሄዳል የተባለውን ከልቡ አምኖ ነበርና አሁን ደግሞ ሌላ ሥጋት ያዘው። ሸጋዬን ቀረብ ብሎ አያት። "ልጄ፣ የእሳቸው ፍርሃትና ውሸትስ ይሄድ ይሆን?"

ሸጋዬ ራሷን አልሸፈነችም። "ከእሳቸው የወሰድሁት ቀዳዳዋን ነው፤ አፌና ልቤ የእናቴ ናቸው" አለች። ተስፋው ከሰልፉ ወጥቶ መጣና፣ ወታደሩ ሲጮህበት እንኳ ሳይመለስ፣ አጠገቧ ቆመ።

ሠርጉ የጥር ነበር። እንደ ደንቡ ዘር ሲቆጠር የእናቷ ወገን እስከ ሰባት ቤት ተቆጠረ። የአባቷ ተራ ሲደርስ ገብረሰንበት ተነሳና፣ ከቡሬ መጥቶ አንድ ክረምት የከረመ ቀጥቃጭ ነው፣ እኛም ወደነዋል ብሎ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹም ይሁን ብለው መረቁ። አያ ቢሆነኝ በር አጠገብ ተቀምጦ ነበር። በገዛ አፉ የፈጠረውን ሰው አገሩ ከእሱ ይልቅ መርጦ ለልጁ አባት ሲያደርገው ሰማ። እንዲህ ያለ ቀጥቃጭ የለም ለማለት፣ እውነተኛው አባት ማን እንደሆነ መናገር ነበረበት። ጥምጥሙን ወደ ጆሮው ዝቅ አደረገና የቀረበለትን ጠላ ጠጣ።