ጋሼ ታደሰ የገዛ በራቸውን ያንኳኩ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ግርማን ከዓይን ሐኪም ቤት ሳመጣው፣ ወደ ሀይዌዩ ልገባ ስል ክንዴን ነካ አደረገና «በመብራቱ በኩል ሂጂ» አለኝ። የዓይን ሞራው ተገፎለት አንድ ዓይኑ ተሸፍኗል፤ ለጥቂት ቀን መንዳት ክልክል ነው ተብሏል። ባሌ ዕድሜውን ሙሉ መሪ ጨብጦ የኖረ ሰው ነውና ከጎኔ ሲቀመጥ ያልበዋል፤ እኔ ፍሬን ስይዝ እሱም ባዶውን ምንጣፍ ይረግጣል። በመብራቱ በኩል ማለት ሰፈር ለሰፈር የሚያልፈው፣ በየመታጠፊያው ቀይ እያበራ የሚያስቆመው፣ ሰው ሁሉ የሚሸሸው መንገድ ነው።

«ምነው፣ ቤትህ አልናፈቀህም?» አልኩት።

«ማን ይቸኩላል» አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

እኔም የመታጠፊያውን ምልክት አጠፋሁና ቀጥ ብዬ ነዳሁ። እኔና እሱ የተጋባነው በእንዲህ ያለ መንገድ ምክንያት ነው። ልጆቻችን እንኳ ታሪኩን የሚያውቁት በቁንጽል ስለሆነ ዛሬ ሙሉውን ላውጋችሁ።

ዳላስ የመጣሁት ዲቪ ደርሶኝ ነው፣ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ። እዚህ አገር የሥጋ ዘመድ የሚባል አልነበረኝም። አባቴ ትንሽ ልጅ ሳለሁ ነው የሞተው። እናቴ የድሮ ጎረቤቷ እትዬ አስካለ ዳላስ አጠገብ ካሮልተን እንደሚኖሩ አጠያይቃ አገኘችና በስልክ «አስኩዬ፣ ከእንግዲህ ልጅሽ ናት፤ አደራ» ብላ አስረከበችኝ። እትዬ አስካለና ባላቸው ጋሼ ታደሰ ልጅ አልወለዱም። ጋሼ ሌሊት ሌሊት ከኤርፖርት ታክሲ የሚነዱ፣ ድምፃቸው ሦስተኛ ቤት የሚሰማ፣ ያላስታረቁት ባልና ሚስት፣ ያልዳሩት ልጅ የሌለ ሽማግሌ ነበሩ። እትዬ ደግሞ የአዛውንት መጦሪያ ውስጥ አስታማሚ ናቸው። ብዙ አይናገሩም። ሲናገሩ ግን ጋሼም ዝም ይላሉ።

ሥራ ያገኘሁት ኧርቪንግ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ካለ ሆቴል፣ አንሶላ ማጠቢያው ክፍል ነው። ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት መግባት አለብኝ። በዚያ ሰዓት አውቶቡስ የለም፤ ጋሼ ገና ከሥራ አልተመለሱም፤ እትዬም በሌላ አቅጣጫ ነው የሚሄዱት። እኔ መንዳት አልችልም። አንድ ጊዜ ጋሼ ሊያስተምሩኝ ሞክረው የጎረቤቱን የፖስታ ሳጥን ከነምሰሶው ነቅዬ ጣልኩት፤ ከዚያ ወዲህ መሪ እንዳልነካ ምዬ ነበር። እናላችሁ፣ ጋሼ ከኛ ጀርባ አፓርትመንት የሚኖረውን፣ ግራንድ ፕሬሪ ዕቃ መጋዘን የሚሠራውን ግርማን ጠርተው «በመንገድህ ነው፤ ይችን ልጅ ጠዋት ጠዋት ጣል አድርጋት» አሉት። ጨዋ ልጅ ነው፣ ከሰው አይደርስም ብለው ነው የመረጡት። ራሳቸው ናቸው የመረጡት፤ ይሄን ልብ በሉልኝ።

የግርማ መኪና ኤሲው አይሠራም። የቴክሳስን በጋ ለማታውቁት፣ ገና ሳይነጋ አየሩ የድስት ክዳን ሲከፈት ፊት ላይ እንደሚመጣው እንፋሎት ነው። መስኮቱን ሁሉ ከፍተን ነው የምንሄደው። ሀይዌይ ላይ ስንወጣ ነፋሱ ይጮኻል፣ ሻሼ ይርገበገባል፤ «ምን አልሽ?» «ምንም!» «ኧ?» «ምንም አላልኩም!» ተባብለን ተስፋ ቆርጠን ዝም። ወሬ የምናወራው ከሀይዌዩ ወርደን ሆቴሉ እስክንደርስ ባሉት መብራቶች ላይ ብቻ ነው። ቀይ ሲበራ ይጀምራል፤ አረንጓዴ ሲበራ ያቋርጣል። ኮምቦልቻ ስለነበረችው የአጎቱ በቅሎ የጀመረልኝ ታሪክ ሳምንት ሙሉ ፈጅቷል። በቅሎዋ ወንዝ ገብታ ውኃው እየወሰዳት ሳለ አረንጓዴ በርቶ፣ ትድን ይሆን ወይስ ትሞት እያልኩ አንሶላ ሳጥፍ ዋልኩ።

እንግዲህ አንድ ቀን ሀይዌዩን ትቶ በመብራቱ በኩል ገባ።

«ሀይዌዩስ?» አልኩት።

«ማለቴ... ትራፊክ አለ መሰለኝ» አለ ፊቱን ሳያዞር።

ገና ጎህ ሳይቀድ ምን ትራፊክ! መንገዱ ላይ ከእኛና ከአንድ የወተት መኪና በቀር ማንም የለም። እኔም ሞኝ አይደለሁም፤ ዝም አልኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ «ትራፊክ» ሳይለቅ ከረመ። ከቤት ቀደም ብለን መውጣት ጀመርን፤ እትዬም ለምን ብለው አልጠየቁም። እንዲያውም ጠዋት በእርጎ ዕቃ አሽገው የሚያሲዙኝ ቅቤ የጠጣ ቂንጬ ቀስ በቀስ መጠኑ ጨመረ፤ አንድ የነበረው ማንኪያም ሁለት ሆነ። ሥራ ስለሚበዛብኝ ያዘኑልኝ መስሎኝ ነበር። እዚህ ላይ እንኳ ሞኝ ነበርኩ።

በመንገዳችን ላይ የጭነት ባቡር የሚያቋርጠው ቦታ ነበር። መዝጊያው ይወርዳል፣ ደወሉ ይጮኻል፣ ፉርጎው አልቆ አያልቅም። ሌላው ሹፌር በየመኪናው ሲነጫነጭ እኛ ቂንጬያችንን እንበላለን። ሙቀቱ መለስ ብሎ የፒካን ዛፎች ፍሬያቸውን ማራገፍ በጀመሩበት ሰሞን አንድ ረጅም ባቡር አጋጠመን። ግርማ ማንኪያውን አስቀመጠና ፉርጎዎቹን እያየ «መሲ፣ ይሄ ባቡር ባያልቅ ደስ ይለኛል» አለኝ።

«ከሥራ ያባርሩኛል» አልኩት።

ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ልቤ ግን ከደወሉ በላይ ይመታል። እሱ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ፣ በቃ። የፍቅር ቃላችን ይኸው ነው፤ ከዚህ የተሻለ የሰማችሁ ንገሩኝ።

ከገና በኋላ ግርማ በወጉ ሽማግሌ ሊልክ ቆረጠ። እሱም እንደኔ ብቸኛ ነው፤ በዚህ ከተማ አባት ብሎ የሚያከብረው ጋሼ ታደሰን ብቻ። ሄዶ ምን አላቸው መሰላችሁ? «አንዲት ልጅ ወድጃለሁ፣ ሽማግሌ ይሁኑልኝ።» ጋሼ በደስታ እጁን መታ አድርገው «ከዛሬ ጀምሮ አባትህ ነኝ፤ የንጉሥ ልጅም ብትሆን እጠይቅልሃለሁ» ብለው ቃል ሰጡ። ማን ናት ብለው የጠየቁት ከዚያ በኋላ ነው።

እኔ በወጥ ቤቱ መስኮት አያለሁ። ሁለቱ ጓሮ፣ ፒካኑ ዛፍ ሥር ቆመዋል። ግርማ አንገቱን ደፍቶ አንድ ነገር ተናገረ። ከዚያ ያ ድምፅ መጣ፤ «ሥራ አድርሳት አልኩህ እንጂ ቤትህ አግባት አልኩህ?!» የጎረቤት ውሻ ሁሉ ጮኸ። እኔ ውኃውን ከፍቼ የታጠበውን ሳህን ደግሜ አጠብኩ።

ጋሼ እየተንጎራደዱ ገቡ። «ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ! ቃሌን ሰጥቻለሁ፤ አላጥፍም። ግን ሄጄ ማንን ልጠይቅ? የሷስ አባት እኔው አይደለሁ እንዴ? ቆሜ ለምኜ፣ ዞሬ ተቀምጬ ልፈቅድ ነው?»

እትዬ አስካለ እጃቸውን አደራርቀው ወንበር ሳቡ። «አንተ ከወንዱ ወገን ሁን» አሉ። «የሚጠየቀው እኔ ነኝ።»

«ሴት ለሽማግሌ መልስ ስትሰጥ የት ታይቷል?»

«አደራውን በስልክ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። አንተማ ያን ቀን ተኝተህ ነበር።»



እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጋሼ ግራጫ ሱፋቸውን ለብሰው፣ ነጠላ ደርበው፣ በጋራዡ በኩል ወጡ። ሰፈሩን ዞረው ሁለት የታክሲ ጓደኞቻቸውን አስከትለው መጡና የገዛ በራቸውን አንኳኩ። ቁልፉ ኪሳቸው ውስጥ ነው።

«ማነው?» አሉ እትዬ ከውስጥ።

«እኛ ነን።»

«እናንተ እነማን?»

እኔ መኝታ ቤቱ በር ጀርባ ቆሜ ሳቄን ለማፈን ሻሼን ነክሻለሁ። ሽማግሌዎቹ ገቡ። ተቀመጡ ሲባሉ «ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ ጋሼ፣ ቀን ቀን የሚያንኮራፉበት ሶፋ ፊት ቆመው። የግርማን ጨዋነት፣ የግርማን ትጋት እየዘረዘሩ አሳምረው ለመኑ። ሠላሳ ዓመት «አንተ» ሲሉ የኖሩት እትዬ ያን ቀን ባላቸውን አንቱ አሏቸው። «ጋሽ ታደሰ፣ እርስዎን አክብረን በራችንን ከፍተናል። ልጃችንን ግን አንሰጥም።»

ሻሼን ከአፌ ለቀቅኩት። ወጉ እንዲህ አይደለም። በመጀመሪያው ቀን «እንመካከር፣ ሌላ ቀን ኑ» ነው የሚባለው።

«ልጁ ምን ጎደለው?» አሉ ጋሼ፤ የእውነት ደንግጠዋል።

«ልጁ ምንም አልጎደለው። የጎደላት ልጄ ናት። መንጃ ፈቃድ የላትም።»

ከሽማግሌዎቹ አንደኛው ሳል ያዛቸው። «እትዬ፣ እሱ ይነዳ የለም እንዴ?»

«እሱማ ይነዳል። እኔም የምለው ይሄንኑ ነው። አገራችን ሴት ልጅ ስትከፋ ነጠላዋን አጣፍታ በእግሯ አባቷ ቤት ትገባለች። ይሄ አገር በእግር አይኬድበትም። የከፋት ቀን ያስከፋትን ሰው ‹እባክህ አድርሰኝ› ልትለው ነው? ነድታ መጥታ እዚህ ደጄ ላይ ፓርክ ካደረገች በኋላ ኑ፤ ያን ጊዜ ትቀመጣላችሁ።»

አልጋዬ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ለሌላ ሰው ቀላል ነገር ነው፤ ለእኔ ግን ያ የፖስታ ሳጥን አለ፣ ምዬ የተውኩት መሪ አለ። ግርማስ ተናቅሁ ብሎ ቢቀርብኝ? ጋሼም በገዛ ቤታቸው ውስጥ መቀመጥ ከበዳቸው። ራት ላይ ጉሮሯቸውን ጠራርገው «እንግዲህ ቤተሰቡ ሐሳቡን አያሻሽልም ወይ?» ሲሉ፣ እትዬ ወጥ እየጨመሩላቸው «ሽማግሌ በራት ሰዓት አይመጣም፤ ብላ» አሏቸው።

ግርማ ግን አልቀረም። በሚቀጥለው እሑድ ግራንድ ፕሬሪ፣ መሥሪያ ቤቱ ይዞኝ ሄደ። ትልልቆቹ የጭነት መኪናዎች የሉም፤ አስፋልቱ ሜዳ ነው። ቁልፉን ሰጠኝ። ያ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው እኔ መሪ ስይዝ ሌላ ሰው ሆነ። «ፍሬን! መሲ፣ ፍሬን! ኧረ በማርያም ፍሬን!» ሞተሩን አጥፍቼ ወረድኩና «ከእንግዲህ ከጮህክብኝ በእግሬ እሄዳለሁ» አልኩት። ትንሽ ተራመድኩ። ዙሪያዬን ባይ መጋዘንና ሀይዌይ ብቻ ነው፤ መሄጃ የለም። የእትዬ ነገር ያኔ ገባኝና ተመልሼ መሪውን ያዝኩ።

ብርዱ በዚህ አለፈ። ግርማ ባዶ በርሜሎች አቁሞ በመካከላቸው ወደ ኋላ መግባት ያለማምደኛል፤ ፓራለል ፓርኪንግ የሚሉት መከራ። አንድ እሑድ ምንም ሳልነካ ገባሁ። ደስ ብሎኝ ዞር ስል ፊቱ ጠቁሯል።

«ምነው፣ ከፋህ?»

«አይ... መንጃ ፈቃዱን ካወጣሽማ ጠዋት ጠዋት አልወስድሽም ማለት ነው።»

«ታዲያ ባታስተምረኝ ነበራ!»

«እትዬ አስካለ ልክ ናቸው» አለ። «እናቴ አባቴ ጋ የኖረችው የምትሄድበት አጥታ ነው። አንቺ መሄጃ አጥተሽ እኔ ጋ እንድትኖሪ አልፈልግም።»

እስከዚያ ቀን ወድጄው ነበር። ያን ቀን አመንኩት።

የመጀመሪያውን ፈተና ወደቅኩ። ሁለተኛውን አለፍኩ፤ የመንገዱ ዳር ሁሉ በሰማያዊ አበባ የተሸፈነበት ሰሞን ነበር። ግርማ ከጎኔ ትንፋሹን ውጦ፣ እኔው ነድቼ እትዬ ደጅ ላይ ፓርክ አደረግኩ። አንዱ ጎማ ሣሩን ረግጧል። እትዬ መጋረጃውን ገለጥ አድርገው አዩና መለሱት። በሚቀጥለው እሑድ ጋሼ ዳግመኛ አንኳኩ፤ «ተቀመጡ» ሲባሉ ሶፋው እስኪጮህ ዘፍ አሉበት። ግርማ ተጠርቶ ገባና ቀለበት አሰረልኝ። እትዬ ደግሞ የቤታቸውን ቁልፍ መዳፌ ላይ አድርገው «ይሄ የአባትሽ ቤት ነው» አሉኝ። ቀጥለውም በጆሮዬ «ለሁለት ሰው ቂንጬ ስሠራ የከረምኩት ሳላውቅ መስሎሽ ነው?» አሉ። እፍረቴ አይወራም።

ያን ቁልፍ አንድ ቀን ተጠቅሜበታለሁ። በተጋባን በሁለተኛው ዓመት፣ በምን እንደተጣላን ዛሬ ሁለታችንም አናስታውስም፣ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወጣሁና በሀይዌዩ ነድቼ ካሮልተን ገባሁ። እትዬ አንዲት ነገር አልጠየቁኝም። ምግብ አቀረቡ፤ በላሁ፣ አለቀስኩ፣ ደግሜ በላሁ። ስጨርስ «ቤንዚን አለሽ?» አሉኝ። «አለኝ» አልኳቸው። «እንግዲህ መመለሻውንም ታውቂዋለሽ።» ማንም ሳያደርሰኝ ሄጄ፣ ማንም ሳይጎትተኝ ተመለስኩ። ትዳሬን ሳስብ ከሠርጌ ቀን ይልቅ ትዝ የሚለኝ ያ መንገድ ነው።

ጋሼ ታደሰ ካረፉ ቆዩ፤ ነፍሳቸውን ይማር። እትዬ አስካለ አሁን ከእኛ ጋር ግራንድ ፕሬሪ ይኖራሉ። ባኮርፍ የምሄድበት አባቴ ቤት እኔው ቤት ገብቶ ቀረ እያልኩ አስቃቸዋለሁ። ዛሬ ዛሬ ብዙ ነገር ይረሳሉ፤ የልጆቻችንን ስም ያቀያይራሉ፤ ጋሼን አንዳንዴ ከሥራ ይጠብቃሉ።

ባለፈው ሳምንት ከዓይን ሐኪም ቤት ስንመለስ የመጀመሪያው መብራት ላይ ስንቆም ግርማ መስኮቱን አወረደ። ኤሲው እየሠራ! ሙቀቱ ግጥም ብሎ ገባ። «ያቺ በቅሎ ግን» ሲል ጀመረ፤ አረንጓዴ በራ፤ እሱም ዝም አለ። ከኋላ ክላክስ እስኪነፋብን ድረስ ስስቅ ቆምኩ።

ቤት ስንደርስ ቁልፉ እጄ ላይ ነበር። አልከፈትኩም፤ አንኳኳሁ።

«ማነው?» አሉ እትዬ ከውስጥ።

«እኛ ነን።»

«እናንተ እነማን?»

«መሲና ግርማ።»

«ማን ነዳ?» ብለው ጠየቁ።

«እኔ ነኝ የነዳሁት፣ እትዬ።»

«እንግዲያ ግቡ» አሉና ከፈቱልን።