የተሾመች አስር ቁጥር ስልክ

ተሾመች ጓሳ ከሚሉት የደጋ ሣር መስክ ጥግ ተወልዳ፣ ጓሳ ጥግ ነው ያረጀችው። ፊደል አልቆጠረችም፤ የሰው ገመና ግን አንድ በአንድ ቆጥራ ይዛለች። የማን ልጅ ለማን እንደታጨች ከወላጆቿ ቀድማ የምትሰማው እሷ ናት። ልጇ ትሕትና ስልክ ከገዛችላት ወዲህማ ወሬዋ ዘመሮ ከተማ ድረስ ይሰማል።

ለፋሲካ ትሕትና መጣችና ስልኩን አደሰችው። "እማዬ፣ ሲስተሙ ዘጠኝ ነበር፤ አሁን አስር ሆኗል" አለቻት። ተሾመችን ያጠፋት ይሄ ነው። እሑድ ሰንበቴ ላይ ጎረቤቷን ጌታነሽን ያዘቻት።

"ያንቺ ስልክ ስንት ነው?"

"እኔ ምን አውቄ። ልጄ ዘጠኝ ነው ይላል።"

"ውይ፣ የኔ አስር ነው። ዘጠኝንማ ጥለነው መጣን" አለችና ሻሿን አስተካከለች። ሰው ሁሉ ሰማ።

ወዲያው የጓሳ ሣር ሊከፈት ነው ተባለ። ለዓመታት ተጠብቆ የከረመ ሣር ነው፤ ያልተመዘገበ ማጭድ ይዞ አይገባም። የተሾመች የሣር ጣሪያ ተበሳስቷል። ክረምት በገባ ቁጥር አልጋዋን ከጥግ ወደ ጥግ ትጎትታለች፤ ዘንድሮ የማያፈስ ጥግ አልቀረላትም።

ምዝገባው ደግሞ በስልክ ሆነ። ሣሩን የሚያስጠብቀው ማኅበር ጸሐፊ ይሥሐቅ፣ ድሮ ለሌላ ማኅበር የተሠራ ፕሮግራም አግኝቶ አመጣ። ተሾመች ብትነካው ብትነካው እንቢ አላት። በመጨረሻው ቀን፣ ዓርብ፣ ስልኳን ይዛ ይሥሐቅ ዘንድ ሄደች።

"እማማ፣ ስልክዎ አርጅቷል ይላል። ዘጠኝና ከዚያ በላይ ነው የሚቀበለው።"

"የኔ አስር ነው እኮ ልጄ።"

"እሱ ነው ጣጣው። ይሄ ፕሮግራም ሲሠራ አስር የሚባል አልነበረም። የሚያየው የፊተኛዋን አሃዝ ብቻ ነው። የአስርዎን አንድ ያይና፣ ባለ አንድ ናቸው ብሎ ይመልስዎታል።"

"አንዷ በግ ከጉረኖ ብቅ ስትል አይቶ፣ ያለቻት አንድ በግ ናት ብሎ እንደመሄድ በለኛ።"

"እንደሱ ነው። እስኪስተካከል ሳምንት ይፈጃል፤ ምዝገባው ደግሞ ዛሬ ያልቃል። ዘጠኝ ያለው ሰው በስልኩ ያስመዝግብዎት።"

ዘጠኝ ያለው ሰው ማን እንደሆነ ለተሾመች አልጠፋትም። እየተጎተተች ሄደች። ጌታነሽ ደጃፏ ላይ ሱፍ ትፈትላለች።

"ጌትዬ፣ እስቲ ስልክሽን።"

"ዘጠኝን ጥለነው መጣን አላልሽም?"

"ጥለነው መጥተን ነበር። ተመለስን።"

ጌታነሽ እንዝርቷን አስቀምጣ እስኪበቃት ሳቀች። "እሰጥሻለሁ። ግን ያንን ያልሽው ሰንበቴ ላይ ነው፤ ይሄንንም እዚያው ትናገሪዋለሽ።"

ተሾመች ተመዘገበች። በሰንበቴውም ቆማ ተናገረች፤ አንዴ ከጀመረች ደግሞ ማን ያቁማት፣ ጌታነሽ ከምታማት አብልጣ ራሷን አማችው። የሌላ ሰው ወሬ ሰንበቴተኛውን እንዲህ አስቆላት አያውቅም።

አሁን ጣሪያዋ በአዲስ ሣር ተከድኗል፤ አልጋዋም አንድ ቦታ ረግቷል። ባለፈው ትሕትና ደውላ፣ "እማዬ፣ አስራ አንድ ወጥቷል፣ ላድስልሽ?" አለቻት።

"ቆይ እስቲ" አለች ተሾመች፣ "መጀመሪያ ጌታነሽን ልጠይቃት።"