ለአክስቴ አፍ የሆንኩ ቀን

ከአምቦ ጉደር መስመር ላይ የእኔን ያህል ድምፅ ያለው ረዳት የለም። ይሄን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ሹፌሬም ይለዋል፣ ያውም ጆሮውን እያሸ። "ጉደር ጉደር ጉደር" ስል መናኸሪያ ያለው ሰው ቀርቶ ጉደር ያለው ሰው ተነስቶ ይቆማል። ትምህርት ከአራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። አስተማሪዎቼ አለቀሱ እላለሁ፤ እናቴ ደግሞ በደስታ ነው ትላለች።

አክስቴም የመረጠችኝ በዚሁ ድምፄ ነው። የአባቴ እህት ናት፤ በኦሮምኛ አዳዳ ነው የምንላት። ባሏ ከሞተ በኋላ ሴት ልጆቿንና ላሞቿን ይዛ ከጉደር በታች ባለች ገጠር ቀረች። እዚያ ሀብት ማለት ከብት ነው። ከብት ደግሞ ሆራ ይወዳል፤ ከመሬት እየተንተከተከ የሚወጣውን ጨው ጨው የሚል ውሃ። የከተማ ሰው በጠርሙስ ከፍሎ የሚያገሳበትን የእኛ ላሞች በነፃ ጠጥተው ያገሱበታል።

ታዲያ አንድ ባለብዙ መሬት ጎረቤት ወደ ሆራው የሚወስደውን የከብት መንገድ አርሶ ሽንኩርት ሊተክልበት ፈለገ። ከብቱ በአስፋልቱ ዞሮ ይሂድ አለ። ለሌላው ሰው ይሄ ድካም ብቻ ነው። የአዳዳ ልጆች ግን ጠዋት ከብት አጠጥተው ነው ከሰዓት የሚማሩት። በአስፋልቱ ከዞሩ ትምህርቱ ቀረ ማለት ነው፤ እሷ ደግሞ ልጆቼ እንደ እኔ ሳይማሩ አይቀሩም ብላ ምላለች።

ነገሩን የሚያየው የሆራው ኮሚቴ ነው፤ ስብሰባው ሾላው ስር። እዚያ ሴት ከኋላ ትቀመጣለች እንጂ አትናገርም። ጉዳይ ካላት ወንድ ዘመድ ይቆምላታል፤ አፍ ሆናት ይባላል። የሚገርመው፣ አዳዳ ቸርች ውስጥ ስትጸልይ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል፤ እነዚያው ሽማግሌዎች አሜን ይሏታል። ሾላው ስር ስትደርስ ግን ዝም። ቀበሌው ኮሚቴ ውስጥ ሴት ትግባ ስላለ አንዲት ሴት ነበረች፤ የሊቀመንበሩ ሚስት። እሷም ኮሚቴው በተሰበሰበ ቁጥር ቤቷ ሆና ለኮሚቴው ወጥ ትሠራለች።

አዳዳ የምናገረውን አስጠናችኝ። መንገዱ ከአያቶቻችን ጀምሮ የከብት ነው፤ አስፋልት ከብት ይገድላል፤ ልጆቼ ከትምህርት ይቀራሉ። ከዚህ ሌላ አንዲት ቃል እንዳትጨምር አለችኝ። እሺ ብዬ የሹፌሬን ጃኬት ተዋስኩ።

ቀኑ ደርሶ ሾላው ስር ተነሳሁ። የመጀመሪያውን አሳምሬ ተናገርኩ፤ ሰው ጸጥ ብሎ ሰማኝ። ይሄኔ ነው ልቤ ያበጠው። የእኛ አገር ወንድ፣ ሰው ከሰማው፣ ከብቱን ሳያወድስ አይቀመጥም፤ እኔ ደግሞ የራሴ ስለሌለኝ የአዳዳን ማወደስ ጀመርኩ። ቀይዋ ዳገት ላይ ሚኒባስ ትቀድማለች አልኩ። ጥቁሯ ወንጪ ተራራ ደርሳ ብትመለስ ላብ አይወጣትም አልኩ። ሽማግሌዎቹ እየሳቁ በዱላቸው መሬቱን መቱ፤ ጭብጨባ መሰለኝና ጨመርኩበት።

ባለ ሽንኩርቱ ቀስ ብሎ ተነሳ። "ልጁ እውነት ተናገረ። ወንጪ ደርሰው የሚመለሱ ላሞች በአስፋልት ቢዞሩ ምን ይሆናሉ?"

ዋናው ሳቅ ያኔ መጣ። ሊቀመንበሩ ነገሩ አለቀ ሊል እጁን አነሳ። አፌን ከፈትኩ፤ ያ ሁሉ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ።

አንድ እጅ ትከሻዬን ያዘኝ። ዞር ስል አዳዳ ቆማለች።

"ተቀመጥ አንተ" አለችኝ። ተቀመጥኩ።

አንድ ትልቅ ሽማግሌ "ሴት እዚህ አትናገርም፤ አፍሽ የታለ?" አሏት።

"አፌንማ ልኬ ነበር አባባ። ላም ሲያወድስ መንገዱን ሸጠብኝ።"

አሁን የተሳቀው በእኔ ነው። እሷ ግን አልሳቀችም። ለሽማግሌው ባለፈው ክረምት አይሱዙ የገጨባቸውን ጊደር አስታወሰቻቸው።

"ያን ቀን ጊደሯን ከአስፋልቱ የጎተትነው እኔና ሚስትዎ ነን። ያኔ አፍሽ የታለ ያለኝ የለም። ዛሬ ልጆቼ በዚያው መንገድ ይሂዱ ሲባል ዝም ልበል?"

ሽማግሌው ዱላቸውን አዩ። ከኋላ ሚስታቸው ተነስተው ቆሙ። ከዚያ አጠገባቸው ያለችው፤ ከዚያ ሌሎቹም። ሽማግሌውም ጉሮሯቸውን ጠርገው "ትጨርስ" አሉ። ጨረሰች፣ ድምጿን እንኳ ከፍ ሳታደርግ። መንገዱ እንደነበረ ይሁን ተባለ።

ኮሚቴው እንደገና ሲመረጥ ሊቀመንበሩ ለሴቷ ቦታ እንደለመደው ሚስቱን ጠራ። ሚስቱም ከኋላ ሆና እኔ ወጥ ሠርቼ በቅቶኛል፣ እሷን ጻፉ ብላ በጣቷ አዳዳን አሳየች። እጅ ወጣ። ሁሉም አላወጣም፤ የወጣው ግን በቃት። ወጡን ማን ይሥራ የሚለው እስካሁን መልስ አላገኘም፤ ኮሚቴው ቆሎ እየቆረጠመ ነው የሚሰበሰበው።

ይሄን ሁሉ ያመጣሁት እኔ ነኝ እላለሁ፤ በደንብ ተናግሬ ቢሆን ኖሮ አዳዳ እስከ ዛሬ ከኋላ ነበረች። ለተሳፋሪ ሁሉ እነግራለሁ። ልጆቿ ግን አይቀበሉኝም፤ ትልቋ አሁን አምቦ ሁለተኛ ደረጃ ገብታለች፣ ሚኒባሱ ላይ ስትሳፈርም ሂሳብ አትከፍለኝም።

ዘንድሮ ባለ ሽንኩርቱ ራሱ ጉዳይ ገጠመው። ከላይ ያለው ሰው ቦይ ለቆበት ጎርፍ ማሳውን እየበላው ነው። እሱ ደግሞ ሲናደድ ምላሱ ይተሳሰራል። ሚኒባስ ውስጥ አግኝቶኝ ሲያጫውተኝ ደረቴን ነፍቼ፣ እኔ አፍ ልሁንዎት አልኩት።

ከላይ እስከ ታች አየኝ። "ያንተ አፍ ለጉደር ይበቃዋል። አዳዳህን ለምንልኝ" አለ።

ለመንኩለት፤ እሺ ብላለች። እኔም ስብሰባው ላይ እገኛለሁ። ከኋላ ተቀመጥ ተብያለሁ።