እምቦጭ የተባለው የጋዲሴ አበባ

ጋዲሴ አምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ከእንጦጦ ሥር ወደ ኮተቤ በሚወርደው ወንዝ ዳር አትክልተኛ ሆና ተቀጥራለች። ያ መሬት ድሮ የአባቷ የባቄላ ማሳ ነበር፤ ዛሬ ግማሹ ፎቅ፣ ግማሹ የእግር መንገድ ሆኗል። የተረፈላት ነገር ቢኖር በአሮጌው የድንጋይ ካባ ውስጥ የተጠራቀመው ኩሬ ብቻ ነው። ልጅ ሳለች ኩሬው ክረምት በመጣ ቁጥር የውሃ አበባ ይለብስ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ከሥራ ስትወጣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ እየገባች፣ ከቢሾፍቱ ያመጣችውን ሥር ተከለች። ቅጠል ወጣ፤ አበባ ግን የለም። እሷ እቴ፣ መች ተስፋ ልትቆርጥ!

ዘንድሮ ነሐሴ ላይ ቅጠሉ ኩሬውን ሲሸፍነው ሰፈሩ ተሸበረ። እምቦጭ ጣናን ምን እንዳደረገው በቴሌቪዥን ያላየ የለምና «እምቦጭ ገባ!» ተባለ። የዕድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ገብረ ክርስቶስ እንዲህ ያለ ወሬ ሰምተው የሚቀመጡ ሰው አይደሉም። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ማጭድና መንሽ የያዘ ሠላሳ ሰው አሰልፈው ከች አሉ።

ጋዲሴ ቆሌዋ ተገፈፈ። እንቡጦቹ ብቅ ያሉት ገና ሐሙስ ዕለት ነው፤ አሁን ሁሉም ተከድነዋል፣ ሰማዩም ደመና ነው።

«ጋሼ፣ እምቦጭ አይደለም፤ የውሃ አበባ ነው» አለች።

«አበባው የታለ?»

«ፀሐይ ሲሞቀው ይከፈታል። አባቴ ‹እንደ መኳንንት አርፍዶ ነው የሚነሳው› ይል ነበር።»

ሰዉ ሳቀ። «አንቺ ጋዲሴ፣ የእምቦጭ ጠበቃ ሆንሽ እንዴ?» አሏት ጋሽ ገብረ ክርስቶስ።

«አንድ ነገር ልለምንዎት። እስከ ላይኛው ድልድይ በእግራችን ደርሰን እንመለስ። ስንመለስ ካላበበ፣ እኔው ራሴ አንድ ቅጠል ሳላስቀር እነቅለዋለሁ።»

«የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» አሉ አንዲት እናት ከኋላ። ሰብሳቢው ሰማዩን አዩና መንሻቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው መንገድ ጀመሩ። ሠላሳው ሰውም ተከተለ።

ወንዙ ደፍርሶ እየጮኸ ይወርዳል። ጋዲሴ ሳትጠየቅ ታወራለች፤ እዚህ ጋ ባቄላው፣ እዚያ ጋ በሬዎቹ ውሃ የሚጠጡበት። አፏ ይህን ይበል እንጂ ዓይኗ ከደመናው አልተነቀለም። በሆዷም «አባዬ፣ እንዳታዋርደኝ» ትላለች። ድልድዩ ላይ ቆመው ጥቂት አረፉ። ከዚያ ሲነሱ ጀርባቸውን አንድ ነገር ሞቅ አደረጋቸው። ፀሐይ ነበረች። ጋዲሴ ዞራ ለማየት እንኳን ፈራች።

ካባው ጫፍ ሲደርሱ ሁሉም ባሉበት ቆሙ። ኩሬው ላይ ሰማያዊ አበባ አንዱ ከአንዱ ጎን ፈክቶ ቆሟል፤ አሥር፣ ሃያ፣ ከዚያ ወዲያ ማን ይቁጠረው! ጋሽ ገብረ ክርስቶስ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከሠላሳው አንዱ ማጭዱን በነጠላው ሸፈነው። ከኋላ እልልታው ሲቀልጥ ጋዲሴ እንባዋን ለመጥረግም አልሞከረች፤ ኮርታለች፣ መኩራትም ይገባታል።

አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ አንዱን አበባ ልትቀጥፍ እጇን ዘረጋች። ጋሽ ገብረ ክርስቶስ መንሻቸውን እንደ መቀርቀሪያ ከፊቷ ጋረዱት።

«ተይ እንጂ እመቤት! እምቦጭ መሰለሽ እንዴ?»