ውሃ የማታፈሰው ባቡር

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያለችው ሳሎኔ ግማሿ የሰው፣ ግማሿ የባቡር ናት። ጠረጴዛው ላይ በዘረጋሁት ሐዲድ የምትዞረውን ትንሽ ባቡር የገጣጠምኳት ራሴ ነኝ። ሆዷ ውስጥ ዲኮደር የሚባል ጥፍር የምታህል ካርድ አለች፤ የካርዷን ቁጥሮች ስቀይር የባቡሯ አነሳስም ፍጥነትም ይቀየራል።

አንድ ቅዳሜ ግራውንድ የሚኖሩት ጎረቤቴ እትዬ ጸዳለ ለዕድር ጉዳይ መጡ። ዕድሩን ትተው ባቡሯን ማየት ጀመሩ። እኔም ኩራት ኩራት እያለኝ አስነሳኋት።

"ይቺማ ሰው ትጥላለች" አሉኝ።

"አሻንጉሊት እኮ ናት፣ እትዬ።"

የውሃ ጠርሙስ አንስተው ክዳኑን እስከ አፉ ሞሉና ፉርጎው ላይ አስቀመጡት። "በል አሁን ንዳ።"

ገና ስትነሳ ውሃው ተደፋ። አፈርኩ። ፍጥነቷ ቀስ በቀስ እንዲጨምር ቁጥሩን አስተካከልኩ፤ አሁን ደግሞ ኩርባው ላይ ፈሰሰ። ከፍተኛ ፍጥነቷንም ዝቅ አደረግኩ። እሳቸው ክዳኑን ይሞላሉ፣ እኔ አስተካክላለሁ። ሻይ ላፍላ ብላቸው እንኳ "መጀመሪያ ሥራህን ጨርስ" አሉኝ።

ስንት ጊዜ እንደሞከርን አላውቅም። በመጨረሻ ባቡሯ መነሳቷ እንኳ ሳይታወቅ ተነሳች፤ ዞራ መጥታ ቀስ ብላ ቆመች። አንዲት ጠብታ አልወደቀችም። ደረቴን ነፋሁ።

እትዬ ጸዳለ ፉርጎውን በጣታቸው ዳሰው መድረቁን አረጋገጡ።

"እኔ የድሬዳዋ ባቡር ላይ ለተሳፋሪ ሻይ አቀርብ ነበር" አሉ። "የሚነዳው ባለቤቴ ነበር። ነፍሱን ይማረውና፣ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ አልነዳልኝም።"